የእናቴን ድምፅ እንደ ንፋስ ላጣራው ክፍል

ለተከበሩ የስልክ አገልግሎት ድርጅት የድምፅና የምስል ጥራት ክፍል ኃላፊ፤

ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና፣ ስትጠራሩም እየተሰማማችሁ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደር ተራ ደንበኛዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ደፍሬ ሳይሆን፣ በራችሁን ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍትልኝ በማጣቴ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

ከሁሉ በፊት ስለ አዲሱ የድምፅ ማጣሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በየመንገዱ የሰቀላችሁት ማስታወቂያ «ከእንግዲህ የሚሰሙት የሚወዱትን ሰው ድምፅ ብቻ ነው» ይላል። እውነትም የመኪናው ጥሩምባ፣ የስፌት መኪናዬ ጩኸት፣ የጎረቤቱ ውሻ ሁሉ ከመስመሩ ጠፍተውልኛል። ከእነሱ ጋር እናቴም ጠፍታለች።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፊደል ያስቆጠረች፣ ድምፅዋ ከክፍሏ አልፎ ግቢውን የሚያዳርስ መምህርት ነበረች። ባለፈው ዓመት ጉሮሮዋ ላይ ክፉ ዕጢ ተገኘባትና፣ ሐኪሞቹ ነፍሷን ለማትረፍ ሲሉ የድምፅ አውታሮቿን ቆርጠው አወጡ። አሁን የምትናገረው በትንፋሽ ብቻ ነው። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ የምትኖረው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው። አክስቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ከአልጋ አትወርድም። እናቴንም ሐኪሙ ረጅም መንገድ ከልክሏታል። ስለዚህ ለአክስቴ እህቷ ማለት ጠዋት ጠዋት በስልክ የምትመጣ ድምፅ ናት። በዚያ በሚንጫጫው አሮጌ መስመራችሁ እንኳ ትንፋሿን ከጩኸቱ እየለቀመች ትሰማት፣ «እንደ ሌባ ታንሾካሹኪያለሽ» እያለችም ትስቅባት ነበር።

ከዚያ ጥራታችሁ መጣ። አቤቱታዬንም እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማጣሪያው ሥራ በጀመረ ማግስት እናቴ እንደ ልማዷ ደወለች። እናቴ ታወራለች፣ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማታለሁ፤ አክስቴ ግን «እህቴ? እህቴ፣ የት ገባሽ?» ትላለች። ስልኩን ተቀብዬ «እማዬ ደህና ናት፤ ይኸው አጠገቤ ናት» አልኳት። አክስቴ «መቼ ቀበራችኋት?» አለችኝ።

እንደሚያውቁት መርዶ ለታመመ ሰው በቀጥታ አይነገርም። ወንድማቸው በሞተ ጊዜ አክስቴን «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» እያሉ ወራት አቆይተዋታል። ከዚያ ወዲህ «ደህና ናት» የሚለው ቃል ለእሷ የሞት ማስረጃ ነው። እኔም በማልሁ ቁጥር እናቴን ደግሜ ገደልኳት።

፪. እናቴን ይዤ ቢሮአችሁ መጣሁ። ስላስተናገደን ጨዋ ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ የራሱንም የእሷንም ድምፅ ቀድቶ በኮምፒውተሩ ላይ በሥዕል አሳየን። «ይሄ የእኔ ድምፅ ነው፤ ተራራና ሸለቆ አለው፣ ማሽኑ ሰው መሆኑን ያውቃል» አለን። ወደ ሌላው፣ እንደ አቧራ ወደተበተነው ሥዕል ሲደርስ ግን ዓይኑን ከእናቴ ላይ አነሣ። «ይሄ እንኳ... እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማሽኑ ንፋስ መስሎት ነው የሚያጠፋው።»

እናቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ንፋስስ ቢሆን መስኮት ያንኳኳል በይው» አለችኝ። አልነገርኩትም፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ማጣሪያውን ለአንድ ደንበኛ ብቻ ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ብጠይቀው «ከበላይ ነው» አለኝ። የበላዩ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

፫. ዘዴ አልፈጠራችሁም እንዳይሉን ሁሉን ሞክረናል። እናቴ በጣቷ ስልኩን ብታንኳኳ ማንኳኳቱም ጩኸት ነው ተብሎ ተጣራ። በድምፅ መልእክት ብንልክ እሱም በእናንተው በኩል ስለሚያልፍ ታጥቦ ደረሰ። በመጨረሻ፣ በምስል ደውለን የአክስቴ አስታማሚ ያየችውን እንድትነግራት አደረግን። ምስሉን ለማቅለል ሲባል የማይንቀሳቀስ ነገር በየጊዜው እንደማይላክ ያወቅሁት ያኔ ነው። እናቴ ደግሞ በደንብ እንድትታይ ብላ እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አፏ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይበተናል። አስታማሚዋ እውነተኛ ሴት ናት፤ «እትዬ፣ ምን ልዋሽዎት፣ ፎቶ ነው የሚመስለው» አለቻት።

አክስቴ የዚያኑ ቀን ጥቁር ልብስ አስመጥታ ለበሰች።

፬. ሥራዬን ዘግቼ በአካል ሄድኩ። የእናቴን ንግግር በትንሽ መቅጃ ይዤላት ስለነበር ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። አድምጣ ስታበቃ እንባዋ ወረደ፤ ተሳካልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ጉንጬን ዳበሰችና «ይሄማ በሕይወቷ ሳለች የቀዳችሁት ነው። አንቺም እናትሽን ቀብረሽ ለእኔ ስትለፊ አትሙቺ፤ አልቅሺና ይውጣልሽ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ማስረዳት ስላልቻልኩ ሐዘኑ በእኔው እንባ ጸና።

እናቴ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ትደውላለች። አክስቴም ታነሣለች። «የሞተ ሰው ስልክ ማን እንደሚደውል አልጠይቅም፤ እንዳይቀርብኝ» ብላ ለአስታማሚዋ ነግራታለች። አንስታም ለዝምታው ታወራለታለች፤ በሕይወት ላለ ሰው የማይወራውን ሁሉ። በቀደም እንዲህ አለች፤

«ያኔ አባባ አንዳችንን ብቻ ነው የማስተምረው ሲል፣ እኔ ትምህርት አልወድም ያልኩት ውሸቴን ነው። እወድ ነበር። አንቺ እንድትሄጂ ብዬ ነው። ይሄን ሳልነግርሽ መሞትሽ ቆጨኝ።»

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር «ሰማሁሽ! እህቴ፣ ሰማሁሽ!» አለች። ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነበር የጮኸችው። ከወዲያኛው ጫፍ አክስቴ «ምነው አንዴ እንኳ ብትመልሽልኝ» ብላ ዘጋችው።

መስመሩ እጅግ የጠራ ነበር።

ከዚህ በላይ የምጠይቅበት ደጅ ስለማላውቅ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በታጠፈ እጅ፣ የጥራታችሁ ተጠቃሚ የሆንኩ፣

የመምህርቷ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ድርጅትዎ በራሱ ጊዜ ለእናቴ ደውሎ «ቅሬታ ካለዎት አሁን ይናገሩ» ስላላት ከልብ እናመሰግናለን። መምህርት ናትና አብራርታ፣ ምሳሌ ጨምራ፣ ትንፋሿ እስኪያልቅ ተናገረች። ወዲያው «ምንም ቅሬታ ስላላቀረቡ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ደርሷታል።