ከአንኮበር የሚላክልኝ ንጹሕ ውሃ

ሰኞ

ዘይቱን ደፋሁት። ጭላጩ ሳይቀር። ትናንት የጠበስንበትን ዛሬ፣ የዛሬውን ነገ፣ በቃኝ! መጥበሻው ላይ የቀረውን ጥቁር ዝቃጭ በሽቦ ፈተግኩት።

ዛሬ ከቤት የወጡ፦ ትኩስ ሽሮ ተቋጥሮ የመጣበት ፌስታል (ቀልጦ ከሽሮው ጋር ሲላቆጥ በዓይኔ አየሁ፣ ኤጭ)፣ ቀለሙ እጅ የማይለቅ በርበሬ፣ ሙዝ ይሁን ቅቤ ያልለየለት የገበያ ቅቤ፣ የበረሮ መርጫ።

ባሌ ደረጀ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ቤቱን ገዳም ልታደርጊው ነው ወይ ይለኛል። ይሳቅ። ሰሞኑን ጧት ጧት የሚያቅለሸልሸው እሱን አይደለም። እርግዝና እንዳይሆን ተመርምሬያለሁ፣ አይደለም። መርዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ደብረ ብርሃን ውስጥ የምንበላው ሁሉ መርዝ ሆኗል።

ከዛሬ ጀምሮ ጧት በባዶ ሆድ ተልባ፣ ማታ ዝንጅብል። ውሃ ደግሞ የእናቴን ብቻ።

እማዬ አንኮበር ናት። እኛ ቤት መጥታ የቧንቧውን ከቀመሰች ወዲህ፣ ይሄ የሳሙና እጣቢ ነው ብላ ከደጇ ምንጭ በጄሪካን እየቀዳች በሚኒባስ ትልክልኛለች። ቢጫው ጄሪካን ተሰነጠቀባትና ባለፈው ወር በነጭ ቀይራዋለች። እሷስ ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!

ማክሰኞ

ሥራ ቦታ አስመለሰኝ። ፀጉር ቤታችን መስኮቱ አይከፈትም፣ ብርዱ ያስፈራል። የማለስለሻው ሽታ ጉሮሮ ይዞ ይቀራል። አንዷ ደንበኛ አናቷ እየተላጠ "ትንሽ ይቆይ፣ ይያዝልኝ" ትላለች። እኔ ጓንት አጥልቄ እቀባታለሁ። ቤቴ የማላስገባውን በሰው አናት ላይ! ራሴን ጠላሁት።

ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ ሁሉም ሐኪም ሆነው ጠበቁኝ። ኮሶ ጠጪበት፣ ሆድሽን ጠርጎ ያወጣልሻል አሉ። አንዷ ከቤቷ አመጣልሻለሁ አለች።

ማታ ለእማዬ ደወልኩ። መታመሜን አልነገርኳትም፣ ትጨነቃለች። ውሃ በደንብ ጠጪ አለችኝ። እሷም ራሷን ያዞራታል፣ እህል አልበላ ብሏታል። እርጅና ነው አለች። ደግ አይደለም፣ ገና ናት።

ረቡዕ

የእማዬን ውሃ ሌሊትም ጧትም ጠጣሁ። ባሰብኝ።

ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ በቪዲዮ፣ ሰውነት መጽዳት ሲጀምር መጀመሪያ ይብሳል አለች። እሰይ፣ እየወጣልኝ ነው አልኩ። ደረጀ ይህን ሲሰማ፣ እኔ እጣቢውን እየጠጣሁ እንደ በሬ ነኝ፣ አንቺ ንጹሑን እየጠጣሽ ልታልቂ ነው አለኝ። ተናድጄ እራቱን ቀዝቃዛ ሰጠሁት።

ኮሶው መጥቷል። ቅዳሜ እጠጣለሁ። ሽታው ብቻ ምላስ ያስወጣል።

ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ጄሪካኑ አለቀ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ ጊዜ ስኳርም ሻይ ቅጠልም እጀታው ላይ አስርላት ነበር። ዛሬ የአረርቲ ሽምብራ አግኝቼ በጄሪካኑ ልሞላላት አሰብኩ። ሽምብራ እርጥበት አይወድም፣ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ልለቅልቀው ብዬ ጨመርኩበት።

ሽታው ፊቴን መታኝ። አውቀዋለሁ። ክረምት ወደ እነዋሪ ስንሄድ ስንዴው ላይ መድኃኒት ሲረጭ መኪናው ሁሉ መስኮት የሚዘጋበት ሽታ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ደብቆት ነበር፣ ሙቁ አወጣው። ጄሪካኑን ገለበጥኩት። እጀታው ሥር የተፋቀ ወረቀት ቀርቷል፣ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት። የአረም መድኃኒት ዕቃ ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ አስመለሰኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘይት ስደፋ፣ ፌስታል ስጥል የሰነበትኩት ሴትዮ ይህን በባዶ ሆዴ ስጠጣ ከረምኩ!

ደወልኩላት። ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ሲገዛ ገዛሁ አለች። ጥንድ ነው የገዛችው፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለራሷ። በአመድ ፈትጋዋለች፣ በግራዋ ቅጠል አጥባዋለች፣ ፀሐይ አስመትታዋለች። ጋንም እንስራም በግራዋ የሚጸዳ ነው፣ ምን ጎደለው? አለች። አትጠጪው ብዬ ለመንኳት።

"እሱ የሚገድለው አረም ነው። እኔ አረም ነኝ?" አለችና ዘጋችው።

ዓርብ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደረጀ ይዞኝ ሄደ፣ ዛሬ አልቀለደም። ሐኪሙ ደም ወሰደ። ከጄሪካኑ ነው፣ አይደለም ብዬ አሁን መናገር አልችልም አለ። ውሃውን ተዪ፣ ኮሶውንም ተዪ፣ ጉበትና ኩላሊትሽ ያለባቸው ይበቃቸዋል። እናትሽንም አምጪያት። ውጤቱ ሰኞ ነው።

ኮሶውን ደረጀ ደፋው። ያ ሁሉ ማጽዳት መጨረሻው ይህ ሆነ።

ቅዳሜ

አንኮበር። ነጩ ጄሪካን ከበሩ ጥላ ሥር ቆሟል፣ ክዳኑ ላይ ኩባያ ተደፍቶበታል። እማዬ ከስታለች። ገና ስሜያት ሳልጨርስ ቀዳችልኝ። እንደ ወትሮዋ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ኩባያውን ዘረጋችልኝ። ለእንግዳ መጠጥ ቀምሶ መስጠት ነው ደንቡ፣ መርዝ የለበትም ለማለት።

ኩባያውን ያዝኩት። አፌ ጋ አደረስኩት። አልቻልኩም። እሷ ፊቴን ታያለች።

"እማዬ፣ አሞኛል" አልኳት። "ነጩ ከመጣ ጀምሮ።"

ዞራ ጄሪካኑን አየችው።

"ልጄን በእጄ?" አለች።

እኔም ደስ እያለኝ ነው የጠጣሁት አልኳት፣ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ኩባያውን ተቀብላኝ ጎመኑን አልፋ ራቅ አድርጋ ደፋችው። ማጭድ አመጣች። ቁራጭ ሲባጎ የማትጥል ሴት ጄሪካኑን ደጋግማ ወጋችው። ውሃው እግሯ ሥር ሲፈስ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ማጭዱን እንደያዘች ወጣች። ከታች ያለችው አራስ ጎረቤቷም ከዚያው ገበያ ነጭ ጄሪካን ገዝታለች። ተከተልኳት። አራሷ፣ ደህና ዕቃ ነው እኮ እማማ ብላ ተከራከረች። እማዬ እኔን ጎትታ ከፊቷ አቆመችኝ።

"የእኔን ልጅ እያት" አለቻት።

እሑድ

እማዬ እኛ ቤት አደረች። በሚኒባሱ መንገድ ሁሉ እጄን አልለቀቀችም። ነገ እሷ ትመረመራለች፣ የእኔም ውጤት ይመጣል። ፈርቻለሁ፣ ከራሴ ይልቅ ለእሷ።

ጧት የተፈላውን የቧንቧ ውሃ በብርጭቆ አቀረብኩላት። አሸተተችው። ፊቷን አጨማደደች፣ ያው ሳሙናው ነው አለች። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች። እንደ ወትሮዋ ወዲያው አልሰጠችኝም። ብርጭቆውን ይዛ ቆየች፣ ሆዷን የምታዳምጥ ይመስል። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ ጠበቀች።

ከዚያ ሰጠችኝና እስክጨርስ ድረስ አየችኝ።