ሰላም፣ ጎሽ፣ ነካሁ፦ ለዝምታ ሜዳሊያዬ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የፑል ተጫዋቾች ማኅበር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለጉሮሮዎ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። ጉሮሮዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው እሑድ የአርአያነት ሜዳሊያውን አንገቴ ላይ ካጠለቁልኝ በኋላ ስለ ዝምታ ጥቅም ያደረጉት ንግግር እጅግ ረጅም ስለ ነበር፣ ከመድረኩ ሲወርዱ ድምፅዎ ተዘግቶ ውሃ በምልክት ሲጠይቁ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እኔም በዕለቱ ምስጋናዬን ልገልጽ ወደ ማይክሮፎኑ ስጠጋ «አንተማ ዝም በል፣ የተሸለምከው በዚያ ነው» ብለው በቀልድ ስለመለሱኝ፣ የቀረብኝን ንግግር ዛሬ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ማን እንደሆንኩ ዘንግተውት እንደሆነ፣ ተመልካቹ «ድንጋዩ» የሚለኝ ተጫዋች ነኝ። ስጫወት አልናገርም፣ ፊቴም አይለዋወጥም። በግማሽ ፍጻሜው የገጠመኝ ደግሞ «ሬዲዮ» የሚባለው ተጫዋች ሲሆን፣ እሱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ኮሚቴዎ በዚህ የውድድር ዘመን ባወጣው አዲስ ደንብ መሠረት፣ በግጥሚያ መካከል የተናገረ ወይም ምልክት ያሳየ ተጫዋች ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ የደረሰው ደግሞ ጨዋታውን ተሸንፎ ይወጣል። አማቼ በዚሁ ደንብ ወጥቷል፤ እኔ በዚሁ ደንብ ለፍጻሜ አልፌያለሁ። በመጪው ሐሙስ ደግሞ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ አማቼን ለአንድ ዓመት ከውድድር ያግደው እንደሆነ እንደሚወስን ሰምቻለሁ። ሰውየው ከዚህ ሌላ ሙያ የለውም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች የኳስ መምቻ ስቲክ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬ ከሐሙስ በፊት እንዲደርስዎ ቸኩያለሁ።

አንደኛ፣ አዳራሹን ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ በዚያ አዳራሽ ዕረፍት የሚባል ነገር አልነበረም። «ይቅርታ» የምንለው ተጫዋች ነበረን፤ እያንዳንዷን ኳስ ከመምታቱ በፊት ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ይቅርታ ይጠይቃት ነበር። «ሙሽራው» ደግሞ በየመሃሉ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ፀጉሩን ያበጥራል፤ ኳስ የሳተ እንደሆነ ማበጠሪያውን ገልበጥ አድርጎ በጥርጣሬ ያየዋል። ተመልካቹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዛሬ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ «ይቅርታ» ኳሶቹን ይቅርታ መጠየቅ ስለተከለከለ የበደላቸው እየመሰለው ኳስ በኳስ ላይ ስቶ ገና በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል። ሙሽራውም ማበጠሪያውን በር ላይ አስረክቦ ይገባል። በአዳራሹ ሻይ የምትሸጠው እመቤት ግን ትንሽ ቅሬታ አላት፤ ሰው ሻይ የሚገዛት ስቆ ስቆ ጉሮሮው ሲደርቅ እንደነበር፣ አሁን ግን የሚገዛት እንቅልፍ እንዳይወስደው የሚፈራ ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። ባለፈው ሰሞን እንዲያውም ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ሲያንኮራፉ ተሰምቶ፣ ዳኛዋ ማስጠንቀቂያውን ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት ነበር።

ሁለተኛ፣ ከገዛ ልማዳችን ስላዳኑን አመሰግናለሁ። ደንቡን ሲያወጡ ከእኛ ማንንም ስላልጠየቁ፣ እኛም የራሳችን ደንብ እንደነበረን ሳይሰሙ ቀርተዋል። በእኛ ዘንድ፣ የሚመታው ሰው አገጩን ስቲኩ ላይ ሲያሳርፍ የሌላው አፍ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የፈለገውን ይናገራል፣ ከዚያ በኋላም የፈለገውን ይናገራል፤ አገጭ ስቲክ ላይ ሳለ ግን ትንፍሽ የለም። ሬዲዮ፣ ያ በእንቅልፍ ልቡም ያወራል የሚባለው ሰው፣ ይህን ልማድ አንድ ጊዜም ሲያፈርስ አላየሁም። ቃሉን ግማሽ ላይ ቆርጦ አፉን በመዳፉ ይይዝና፣ ኳሷ ጉድጓድ ስትገባ ከቆረጠበት ይቀጥላል።

የሚናገረውም ነገር እንዲህ ያለ ነበር፦ አንዲት ከባድ ኳስ ገጥማኝ ጠረጴዛውን ስዞር «እዩት፣ እህቴን ለትዳር ሊጠይቅ የመጣ ቀንም እንዲሁ ነው ያደረገው፤ በሩን ሳያንኳኳ ግቢውን ስንቴ እንደዞረው ጎረቤት ምስክር ነው» ይላል። አዳራሹ ይስቃል። እኔ ድንጋዩ ፊቴ አይፈታም፤ ነገር ግን ትከሻዬ ይፈታል፣ ክንዴ ይፈታል፣ ኳሷም ትገባለች። ሰው ሁሉ ሊያሰናክለኝ የሚቀልድ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ከእሱ ጋር ስጫወት የተሻልኩ ተጫዋች እንደምሆን ከድሮም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ሦስተኛ፣ የጥፋቶቹን ዝርዝር ተመልካቹ እንዲያውቀው ቢደረግ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ኮሚቴዎ «ተደጋጋሚ ንግግር» ብሎ በጨዋ ቋንቋ ስላለፈው፣ ሕዝብ አማቼ ምን ዓይነት ስድብ ተሳድቦ ይሆን እያለ ሲጨነቅ ከርሟል። እኔ በቅርብ ቆሜ ስለነበር ቃል በቃል ልመስክር። የመጀመሪያው፣ ጨዋታው ሊጀመር ስንጨባበጥ፣ መጨባበጡም ከግጥሚያው ይቆጠራልና፣ «ሰላም» አለኝ፤ ማስጠንቀቂያ። ሁለተኛው፣ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ የሄደች አስቸጋሪ ኳስ ሳስገባ «ጎሽ» ብሎ አመለጠው፤ ማስጠንቀቂያ። ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ፣ ግን አምልጦታል። ሦስተኛዋን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ማስገባት አለብኝ፤ ይህን ነገር ዘልዬ ልጨርስ ብዬ ብዙ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም።

እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻዋን ዙር ስንጫወት፣ እኔ ሩቅ ያለች ኳስ ለመምታት በጠረጴዛው ላይ ተንጠራራሁ። የሸሚዜ እጅጌ በስተግራ የነበረችውን የእሱን ኳስ ነካት። ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ይህ በጨዋታችን ፋውል ነው፤ ተራው ለተጋጣሚ ያልፍና ነጯን ኳስ በእጁ አንስቶ ወደፈለገበት ያስቀምጣታል። ዳኛዋ ከጀርባዬ ስለነበረች አላየችም። ተመልካቹም አላየም። አማቼ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በድሮው ጊዜ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር ልንገርዎ። «አማቼ፣ ሸሚዝህም ተመዝግቦ ነው እንዴ የሚጫወተው?» ይል ነበር። ሰው ይስቃል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ፣ ነጯን ኳስ አቀብለዋለሁ፣ አለቀ። በእኛ ቤት ፋውል የሚያዘው እንዲህ ነበር፤ ማንም ሰው ሌባ ሳይባል፣ ማንም ሳይዋረድ። እርስዎ ጫጫታ ያሉት ነገር ለብዙዎቻችን ቀጥ ብለን እንድንሄድ የሚይዘን ነገር ነበር። በዚያ ቀን ግን አማቼ ሁለት ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ቢናገርም፣ ጣቱን ቢቀስርም ይወጣል። ስለዚህ አየኝ ብቻ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚያየኝ።

ጥፋቱን ሁሉ በደንብዎ ላይ ባላክከው እንዴት ደስ ባለኝ! ግን አይሆንም። እኔ በዚያች ሰዓት አንድም ማስጠንቀቂያ አልነበረብኝም። «ነካሁ» ብል የሚደርስብኝ አንድ ማስጠንቀቂያና የአንድ ተራ ማለፍ ነበር። ደንብዎ አፌን አልዘጋውም፤ አፌን ለመዝጋት የሚመች ሰበብ ነው የሰጠኝ፣ እኔም ሰበቡን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። አገጬን ስቲኩ ላይ አሳረፍኩና መታሁ። ኳሷ ገባች። ማንም አላጨበጨበም፣ ጭብጨባም ተከልክሏልና።

ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ሳትኩ፣ ተራው የእሱ ሆነ። ዳኛዋ አሁንም ከጀርባው ነበረች። አማቼ ተንጠራራ፣ እጅጌው አንዲት የእኔን ኳስ ነካ፣ እሷም እንደዚያችው ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ከእኔና ከእሱ በቀር ያየ አልነበረም። ቀና አለና ስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ ጮክ ሳይል፣ «ነካሁ» አለ። ምን እንደሚከተል ከእኔ የተሻለ ያውቅ ነበር። ዳኛዋ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ከመስጠቷ በፊት ደንቡን አውጥታ ሁለት ጊዜ አነበበች፤ እሱ ግን አይዞሽ እንደማለት ራሱን ነቅንቆላት ስቲኩን በቦርሳው ከቶ ወጣ። ያን ራስ መነቅነቅ እንደ አራተኛ ጥፋት ሳይመዘግቡበት በመቅረትዎ ቸርነትዎን አደንቃለሁ። እኔንም እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆምኩ አሸናፊ አሉኝ፤ ባለፈው እሑድም እስካሁን በውድድሩ አንዲት ቃል ያልወጣው ተጫዋች ብለው ሜዳሊያ አጠለቁልኝ።

አራተኛ፣ ደንብዎ ከአዳራሹ አልፎ ቤቴ ድረስ ስለዘለቀ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ከግማሽ ፍጻሜው ወዲህ በሙሉ ሥርዓት ነው የምታከብረው፤ ምግብ ታቀርባለች፣ ሳህን ታነሳለች፣ አንዲት ትርፍ ቃል አይወጣትም። ስለ ነካሁት ኳስ አልነገርኳትም፤ ወንድሟም እንዳልነገራት ፊቷ ይመሰክራል፤ ቢነግራትማ ዝምታዋ እንዲህ ጨዋ አይሆንም ነበር። አማቴ ደግሞ ስለ ፑል የሚያውቁት ነገር የለም። ሊጠይቁን መጥተው ሜዳሊያውን ግድግዳው ላይ አዩና «ይኸ የምንድን ነው?» አሉኝ። የዝምታ ነው አልኳቸው። «ልጄስ በምን ወጣ?» አሉ። «ነካሁ» ብሎ አልኳቸው። «ነክቶ ነበር እንዴ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ምን እንዲል ፈለጋችሁ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ለኮሚቴዎ አስተላልፋለሁ፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ስጠጣ አመሸሁ። ሜዳሊያውንም ከግድግዳው አወረድኩት፤ መሳቢያ ውስጥም ሆኖ ግን አላርፍ ብሎኛል።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ ልመናዬ አጭር ነው። እኔ ኳስ ነክቼ ዝም ብያለሁ። በዚያ ጨዋታ የሥነ ምግባር ጉድለት የፈጸመ ሰው ካለ እሱ እኔ ነኝ፤ የሐሙሱም ስብሰባ ስለ አንድ ተጫዋች እገዳ ሊነጋገር ከሆነ ስለ እኔ ይነጋገር። ሜዳሊያውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። በቅዳሜው ፍጻሜ አልቀርብም፤ በእኔ ቦታ አማቼ ይግባ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግማሽ ፍጻሜው ይደገም፤ ከተደገመ ግን አፉ ተፈቶ እንዲሆን፣ አገጬ ስቲኩ ላይ ካረፈበት ጊዜ በቀር እንደፈለገው እንዲያወራብኝ ይፈቀድልኝ ዘንድ እማጸናለሁ። እንደ ሰው መጫወት ስለምፈልግ ነው።

ለሰጡኝ ክብር፣ ላጠፉት ሳቅ፣ ላስተማሩን ጭጭ ማለት ያለኝን የማይገለጽ ምስጋና በድጋሚ እያቀረብኩ፣ በጽሑፍ መናገርን የሚከለክል አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ፈልጌ ስላላገኘሁ ድፍረቴን ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ፤ አንቀጹ በሐሙሱ ስብሰባ እንደሚጨመርም ሙሉ እምነት አለኝ።

ባልተገባው ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ የእርስዎ ታዛዥ አርአያ፣
ድንጋዩ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ከመላኬና ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት ቤቱ ሄጄ ለአማቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። አንዲት ቃል ሳያቋርጠኝ አዳመጠ፤ አገጬ ስቲክ ላይ ያረፈ መስሎት ይሆናል። ስጨርስ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፦ «አማቼ፣ ጥሩ ነው፣ ግን በጣም ረዘመ። እኔ እኮ በአንድ ቃል ነው የጨረስኩት።»