ከጓሳ የተገኘውን የባሕር ወፍ በስሙ ስላስጠሩት ስለ አቶ ገሠሠ ወልደ አማኑኤል የወጣ የሐዘን መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለጓሳ አካባቢ ነዋሪዎችና ለሞላሌ ሕዝብ በሙሉ

የሞላሌ የሱፍና የቆዳ ነጋዴዎች ማኅበር መሥራች አባልና ለአሥራ አራት ዓመት ሊቀ መንበር የነበሩት አቶ ገሠሠ ወልደ አማኑኤል ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ዐርፈዋል። የማኅበሩ ሐዘን ከባድ ነው። ነገር ግን አቶ ገሠሠ ተሸንፈው አልሞቱም። ዓመታት የተከራከሩለት ወፍ ትክክለኛ ስሙንና የወደቀበትን ቦታ ይዞ መዝገብ ገብቷል፤ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ይህን መግለጫ የምናወጣው አዝነንም ኮርተንም ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከማኅበሩ ቃለ ጉባኤዎችና አቶ ገሠሠ በየዕለቱ ይጽፉበት ከነበረው ደብተር የተውጣጣ ነው። በመካከሉ የሟችን ጥፋት የሚናገር ክፍል አለ። እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ባለቤታቸውም "እሱ ያለው ይሁን" ብለዋል።

አቶ ገሠሠ በ1942 ዓ.ም. በቀየት አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ንባብና ጽሕፈት በደብሩ ተምረው በሃያ ዓመታቸው የበግ ቆዳና ሱፍ መነገድ ጀመሩ። ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች የሚያቀርቡትን ሱፍ ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው እየዳሰሱ ይለዩት ነበር። በገዙት ቆዳ ሁሉ ላይ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና ያመጣውን ሰው ስም በወረቀት ጽፎ ማንጠልጠልን በገበያችን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ተሳቀባቸው፤ በኋላ ሁሉም ተከተላቸው። የአዲስ አበባ ገዢዎች ለጫኞቻቸው "የገሠሠ ወረቀት ካለበት አትፍታው፣ ጫነው" ይሉ እንደነበር ብዙዎቻችን ሰምተናል።

በጥር 2009 ዓ.ም. ማኅበሩ የጋራ የሣር ምድር የሆነውን ጓሳን ከሚያስተዳድሩት ሽማግሌዎች ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ጓሳ በሽማግሌዎች ውሳኔ በሚዘጋባቸው ዓመታት ሣር እንደማይታጨድ፣ ከብትም እንደማይገባ የታወቀ ነው። እኛ ደግሞ ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ከውስጡ ምንም ነገር ላናወጣ፣ ሌላ ሰው ያወጣውንም ላንገዛ ቃል ገባን። በማኅበሩ ስም የፈረሙት አቶ ገሠሠ ነበሩ።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የተነሣ ኃይለኛ ነፋስ ዝናብ ይዞ እስከ ደጋችን ደረሰ። ነፋሱ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 14፣ አቶ ገሠሠ ጓሳን በፈረስ ሲያቋርጡ ከመንገዱ ሃምሳ ርምጃ ያህል ገባ ብሎ ሣሩ ላይ የወደቀ ጥቁር ቡናማ ወፍ አዩ። ሞቷል። የዝናቡ ውሃ ላባው ውስጥ ሳይገባ ከላይ እንደ ዶቃ ቆሟል። ነጋዴ ናቸውና ውሃ የማያስገባ ላባ ለአንድ ነገር ይሆናል ብለው አሰቡ። ጓሳ በዚያ ዓመት ዝግ ነበር። ይህን እያወቁ ከመንገዱ ወጥተው ገቡ፤ ወፉንም እዚያው እንደ ግልገል ገፈፉት።

በእኛ ሙያ ቆዳ ሲገፈፍ ራስና እግር ተቆርጦ ይጣላል፤ ቢተው ጨው ይፈጃል፣ ቆዳውንም ያገማል። አቶ ገሠሠም ልማዱን ተከተሉ። የዚያን ዕለት ደብተራቸው እንዲህ ይላል፦ "መንቁሩ ላይ ሁለት ቱቦ የመሰለ ነገር አለ። ቁስል ነው ብዬ ከነራሱ ቆርጬ ጣልኩት። እግሩ እንደ ይብራ እግር በቆዳ የተያያዘ ነው። ሽታው ከእጄ አልለቀቀም፤ የዓሣ ዘይትና የከረመ ቆዳ የተቀላቀለበት ነው።" ቆዳውን ጨው ነስንሰው በጥላ አደረቁት። ወረቀቱ ላይ ግን "መሐል ሜዳ ከተማ፣ መንገድ ዳር" ብለው ጻፉ። ጓሳ ብለው ቢጽፉ የፈረሙትን ማፍረሳቸው ይታወቅ ነበር። በአርባ ስምንት ዓመት የንግድ ሥራቸው ውስጥ ሐሰት የጻፉበት ወረቀት ይህ አንዱ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ቆዳውን በሞላሌ ባዮሎጂ ለሚያስተምሩት ለመምህርት ኮከብ አሳዩ። መምህርት ኮከብ ሽታውንና ላባውን መርምረው በስልካቸው ላይ አንድ ሥዕል ሲያሳዩአቸው አቶ ገሠሠ የወፉን መንቁር ለዩት። ቁስል ብለው የጣሉት ቱቦ የወፉ አፍንጫ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተማሩትን ሳይሰስቱ አስተምረዋል፤ ዛሬ በሞላሌ ገበያ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እነዚህ አፍንጫቸው ቱቦ የሆነ ወፎች ኑሯቸው ሰፊ ውቅያኖስ ላይ ነው። ወደ የብስ የሚመጡት ለመራባት ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዓይናቸው በላይ ያለው ዕጢ ጨውን ከደማቸው አጣርቶ ያወጣውና በአፍንጫቸው በኩል ይንጠባጠባል። አቶ ገሠሠ ይህን ለጨው ነጋዴዎች ሲያስረዱ "እናንተ በመኪና የምታመጡትን እሱ በአፍንጫው ይዞት ይዞራል" ይሉ ነበር። የማሽተት ኃይላቸው ብርቱ ስለሆነ ምግባቸውን ከሩቅ በሽታ ያገኙታል። አብዛኞቹ ከበሉት የሚወጣ ዘይት ሆዳቸው ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ጫጩታቸውንም ይመግቡበታል፣ ጠላትንም ይተፉበታል። በአንድ የመራቢያ ጊዜ የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ወንዱና ሴቷ ተራ ገብተው ይታቀፉታል። ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ትልልቆቹ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። የአብዛኞቹ እግር ከሰውነታቸው ወደ ኋላ የተተከለና ደካማ ስለሆነ ሜዳ ላይ ከወደቁ ለመነሣት ይቸገራሉ።

ስለ አመዳደባቸው ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በማኅበሩ አዳራሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረድተዋል። ወገኑ አንድ ነው፤ በውስጡ ያለው ቤተሰብ፣ እሳቸው ቤት የሚሉት፣ አራት ነው። ግዙፎቹ የባሕር ወፎች፣ አልባትሮሶች፣ ቱቦዎቻቸው በመንቁሩ ግራና ቀኝ ለየብቻ ናቸው። በፔትረሎችና በሺርወተሮች ቤት ሁለቱ ቱቦዎች ከመንቁሩ በላይ ጎን ለጎን ገጥመው ይታያሉ። የቀሩት ሁለቱ ቤቶች ከርግብ የሚያንሱት የማዕበል ፔትረሎች ናቸው፤ የእነሱ ቱቦ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው ይመስላል። ሊቃውንት እነዚህን ትንንሾች ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ቤት ሲቆጥሩ ኖረው፣ ዘራቸው በላቦራቶሪ ሲመረመር የሰሜኑና የደቡቡ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ጠላቂ ፔትረል የሚባሉት ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ቤት ናቸው ሲባል ቆይቶ ወደ ፔትረሎች ቤት ገቡ። ከአዳራሹ አንድ ሰው "ታዲያ ሊቃውንቱም ይሳሳታሉ ማለት ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ አቶ ገሠሠ "ይሳሳታሉ፤ ግን ወረቀቱን አውጥተው ያርሙታል" ብለው መለሱ። ይህን ሲሉ የራሳቸው ወረቀት ገና አልታረመም ነበር።

ቆዳው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጥር 2011 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ የእንስሳት ናሙና ቤት ተልኮ ነበር። መልሱ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ወፉ ከዚህ ወገን መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ራስና እግር ስለሌለው ፔትረል ይሁን ሺርወተር መለየት አይቻልም። ሁለተኛ፣ የተገኘው የጭነት መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው ስለተባለ፣ ከባሕር ዳርቻ ከዕቃ ጋር ተጭኖ ላለመምጣቱ ማስረጃ የለም። ስለዚህ መዝገብ አልገባም። መልሱ ትክክል ነበር። በገበያው ግን "ገሠሠ ከጅቡቲ ወፍ አስመጥቶ ጓሮው ወደቀ አለ" ተባለ። ወፉ በራሱ ክንፍ መጥቶ ደጋው ላይ መውደቁ እውነት ነበር፤ ያን እውነት ያስጣለው ግን የአቶ ገሠሠ ውሸት ነበር። ደብተራቸው ላይ "የሚያስረዳልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ራሴን መክሰስ" ብለው ጽፈዋል። ከዚያም አራት ዓመት ዝም አሉ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተጠራው የማኅበሩ ስብሰባ አቶ ገሠሠ ተነሥተው ወፉን ያነሡት ከተዘጋ ጓሳ ውስጥ መሆኑን ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርበውም እንደሚናገሩ አስታወቁ። አባላት ተቃወሙ። ምክትል ሊቀ መንበሯ ወ/ሮ ጌታነሽ የተናገሩት በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።

"ጋሼ፣ ለአንድ የሞተ ወፍ ብለው ማኅበሩን ሊያሰድቡት ነው? የት እንደወደቀ ወፉ እንደሆን አይናገር።"

"ምን ብሎ ይናገር ጌትዬ፣ ራሱን ቆርጬ ጥየው።"

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሲበርድ ወ/ሮ ጌታነሽ "ነገ ጓሳዎች ነጋዴ ሁሉ ሌባ ነው ቢሉን ማን ይመልስልናል?" ብለው ጠየቁ። አቶ ገሠሠም "አንዱ ነበር፣ እሱም መጥቶ ተናገረ በሏቸው" አሉ። በዚያው ስብሰባ ሊቀ መንበርነታቸውን በፈቃዳቸው አስረከቡ።

በሳምንቱ በጓሳ ሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቆመው ቀኑን፣ ቦታውንና ያደረጉትን ሁሉ ሳይቀንሱ ተናገሩ። የማኅበራችን ሦስት አባላት አብረው ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ከመፍረዳቸው በፊት የጓሳ ጠባቂ የሆኑት አቶ ወዳጆ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ።

"ጋሽ ገሠሠ፣ እኔ ያን ቀን አይቼዎታለሁ። ከጉብታው ላይ ነበርኩ።"

"አይተህ ነው አምስት ዓመት ዝም ያልከኝ?"

"ገሠሠን ያህል ነጋዴ ወፍ ሰረቀ ብል ማን ይሰማኛል? አንድ ቀን ራስዎ ይመጡ ይሆናል ብዬ ዕቃውን አስቀመጥኩት።"

"የምን ዕቃ?"

አቶ ወዳጆ ከጋቢያቸው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡ። ውስጡ የደረቀ የወፍ ራስና ሁለት እግር ነበር። አብሮም "ግንቦት 14 ቀን 2010፣ ከተዘጋው ጓሳ፣ ከመንገድ ሃምሳ ርምጃ" የሚል ወረቀት ተቀምጧል፤ በጠባቂዎች ደንብ መሠረት ለክስ ማስረጃ የተያዘ ነው። ጣሳው ሲከፈት ሽታው ጉባኤውን ወደ ኋላ አስባለው። "ሚስቴ ከቤት አስወጥታው በግ በረት ነው የኖረው፤ በጎቹም አልወደዱትም" አሉ አቶ ወዳጆ።

ሽማግሌዎቹ አቶ ገሠሠ በመጪው ክረምት ሦስት ሳምንት ከጠባቂዎች ጋር በፈረስ ድንበር እንዲዞሩ ፈረዱ። እሳቸው ሦስቱን ሳምንት ጨርሰው ሦስት ሳምንት ጨመሩ። ያን ጊዜ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

መምህርት ኮከብ የወፉን ራስ ከቆዳው አንገት ጋር አስጠጉት። የቢላው አቆራረጥ ገጠመ። መንቁሩ አጭር፣ ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ጫፉ ይቆለመማል፤ ቱቦዎቹ ከላይ ጎን ለጎን ናቸው። ሺርወተር ቢሆን መንቁሩ ረዘም ቀጠን ይል ነበር። ራስ፣ እግር፣ ቆዳ፣ የታረመው የአቶ ገሠሠ ወረቀትና የአቶ ወዳጆ ማስረጃ በአንድነት ተላኩ።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. መልስ መጣ። ወፉ የዡዋኒን ፔትረል የሚባለው ነው። በሶቆጥራ ደሴት ገደሎች የሚራባ፣ በዓረብ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚውል ወፍ ነው። ነፋስ ከባሕር ወስዶት ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ስለ መውደቁ የናሙና ቤቱ መዝገብ የመጀመሪያው ማስረጃ ይህ ሆነ። ደብዳቤው የናሙናውን ቦታ ያረጋገጠው "በተያዘበት ዕለት የተጻፈ የጥበቃ ማስረጃና የአግኚው የእምነት ቃል" መሆኑን ይገልጻል። ወ/ሮ ጌታነሽ ደብዳቤውን በቅዳሜ ገበያ መካከል፣ በጨው ጆንያ ላይ ቆመው፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሁለተኛም እንዲያነቡት ተጠየቁ፤ አነበቡት። አቶ ገሠሠ ቆመው ሰሙ።

አባላት ወደ ሊቀ መንበርነት እንዲመለሱ ሲለምኗቸው አልተቀበሉም። በምትኩ ለአርባ ነጋዴዎችና ለአሥራ አንድ ጠባቂዎች ያልታወቀ እንስሳ ሞቶ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ አስተማሩ፦ ከቦታው ሳይነሣ ጠባቂ ይጠራል፤ ራስና እግር አይቆረጥም፤ ጨው ይነሰነሳል፤ ወረቀቱ ላይ እውነተኛው ቦታ ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ናሙናዎች በዚህ አሠራር ተልከው ሦስቱም ተቀባይነት አግኝተዋል።

ሥርዓተ ቀብራቸው ታኅሣሥ 15 ቀን በደብራቸው ቅጽር ተፈጽሟል። ከጓሳ ሃያ ሁለት ጠባቂዎች በፈረስ ወርደው ቃሬዛውን ለመሸከም ጠየቁ። አቶ ወዳጆ የፊተኛውን ቀኝ ይዘው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተረካቢ አልሰጡም። የጓሳ ሽማግሌዎችም በዚያው ዕለት ተነጋግረው፣ አቶ ገሠሠ ስድስቱን ሳምንት በዞሩበት ክረምት በጠባቂዎች መዝገብ የሰፈረው ስማቸው ሳይሰረዝ በቋሚነት እንዲቆይ መወሰናቸውን ለማኅበራችን በጽሑፍ አሳውቀዋል።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ተሾመች፣ ለልጃቸው ለማርያማዊት ገሠሠ፣ ለመምህርት ኮከብና ለማኅበራችን አባላት ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን እንዲሰጥ እንለምናለን። ለሥራ ባልደረቦቻቸው ለጓሳ ጠባቂዎችም ጓዳቸውን በማጣታቸው የተሰማንን ሐዘን እንገልጻለን።

የሞላሌ የሱፍና የቆዳ ነጋዴዎች ማኅበር
ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሞላሌ