በቱቦዬ ጫፍ ላይ ስላረፈው የተከበረ እጅ

ለሆስፒታላችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከትኩሳቱና ከሆድ ቁርጠቱ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎን ከእንዲህ ያለው ሁሉ ይሰውርልን፤ ይህን እንኳ የምለው ከልቤ ነው።

ምናልባት ከዘነጉኝ፣ በንጽሕና ሳምንት መዝጊያ ዕለት፣ ለክትትል ሆስፒታል መጥቼ ሳለ ለእንግዶችዎ ያሳዩኝ ሽማግሌ ነኝ። ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሆዴ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ እያስገባሁና እያስወጣሁ እቤቴ ደሜን አጣራለሁ። ነርሷ ያስተማረችኝ በር ዘግቼ፣ ማራገቢያ አጥፍቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ እንድሠራ ነው፤ የቱቦውን ጫፍ ግን የታጠበ እጅም አይነካውም ብላኛለች። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ፈሳሹን እየቀየርኩ ሳለ እንግዶቹ እንዳይታፈኑ በሩን ስላስከፈቱልኝና ማራገቢያውን ስላስነሱልኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ይህን ያህል ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ የእንግዳውን ሁሉ እጅ ሲጨብጡ ባረፈዱበት ጣት የቱቦዬን ጫፍ ከፍ አድርገው ይህቺ የሕይወት በር ናት ስላሉልኝ፣ ነርሷም ኧረ ጌታዬ ብላ ስትጮህ አይዞሽ፣ ቤተሰብ ነን ብለው ስላረጋጓት እግዜር ይስጥልኝ። ዝምድናችንን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ከሆዴ የወጣው ፈሳሽ ደፍርሶ የሩዝ ውሃ መሰለ። ፈሳሹ የሚጠራቀምበትን ከረጢት ጽሑፍ ላይ አስቀምጡት፤ ፊደሉ ካልታያችሁ ባክቴሪያ ገብቷልና ወደ ሆስፒታል ሩጡ ተብለናል። እኔም ያገኘሁት ወረቀት ላይ አኖርኩት፤ ለካ እርስዎ ያደሉን የንጽሕና መመሪያ ነው። አንድም ፊደል አልታየኝም፤ ሮጥኩ።

ጥፋቱን በእርስዎ ብቻ አልጭንም። በጸሎቴ ራሴን ስመረምር፣ ያን ዕለት ዝም ያልኩት በትሕትና ይሁን ፎቶ ላይ ላምር ብዬ አልለየልኝም፤ አንገቴን ቀና አድርጌ እንደነበር ግን አልክድም።

ሐኪሙ፣ መድኃኒቱ ካልያዘልህ ቱቦው ይነቀላል ብሎኛል። ያኔ እቤት መታከም ቀረ ማለት ነው፤ ልጄም ሥራዋን እየጣለች እኔን ወደ ሆስፒታሉ የደም ማጣሪያ ማሽን ልታመላልስ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጉብኝት በመስኮቱ ቢያዩን እንዴት በወደድን! መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የእርስዎም ክብር ያልፍበታል።

በታላቅ አክብሮትና በሠላሳ ስምንት ተኩል ትኩሳት፣
አዲሱ ዘመድዎ፣ የአልጋ ሰባቱ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ላቦራቶሪው ያገኘብኝ ባክቴሪያ በሰው አፍንጫ ውስጥ መኖር የሚወድ ነው አሉ። የእኔም የነርሷም አፍንጫ ተመርምሮ ነጻ ወጥቷል። የቀረው አንድ የተከበረ አፍንጫ ነው፤ ምርመራው አያምም፣ ወረፋም የለውም። ባለሙያዋ እጇን ታጥባ እየጠበቀችዎ ነው።