የመሪጌታ ወንበር

የካቲት 9

የእማሆይ ግድግዳ ላይ ቀይ የማፍረሻ ምልክት ተቀብቷል።

ሱቅ ስከፍት አየሁት። እማሆይ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው መሪጌታ እዚሁ ደጃቸው ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ሞቱ። ቤቱ የቀበሌ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እማሆይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት አጥሩን በግራ እጃቸው እየዳበሱ ነው። ከዚህ ካነሷቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀረባቸው። ሊወስዷቸው ያሰቡት ከጎንደር ውጪ፣ ጠዳ ነው።

ምልክቱ የምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የመንገድ ነው አልኳቸው።

«ወዴት የሚሄድ መንገድ?»

«ወደ ግንቡ። ለቱሪስት።»

«ቱሪስት መጣ እንዴ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምነው ተቻኮሉ?»

አስጎብኚ ነበርኩ። አሁን አባቴ የተወልኝ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ እቀመጣለሁ። 

የካቲት 10

የቱሪዝም ቢሮ ሄድኩ። ያገኘሁት ልጅ ትሁት ነው፣ ጋሼ ይለኛል። ቅርስ ከሆነ አይፈርስም አለ። ቅርስ ለመሆን ግን የሚታይ ነገር ያስፈልጋል።

ስለዚያች የእንግሊዝ ከተማ ነገርኩት። ሥራ ደህና በነበረ ጊዜ አንድ እንግዳዬ ጋብዞኝ ሄጄ ነበር። ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን አደባባዩ ላይ አይብ፣ ድንች፣ አበባ ይሸጣል። የእኛው ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ጭቃው ብቻ የለም። ከተማዋን የሚያኖራት ግን አንድ የሞተ ጸሐፊ ነው። ቤቱ ጣራው የጎበጠ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ከእማሆይ ቤት ብዙም የማይሻል። ሰው ተሰልፎ፣ ከፍሎ ይገባል። ውስጡ ብዕር፣ መነጽር፣ የተነጠፈ አልጋ፣ ከፊቱ ገመድ የተወጠረበት ወንበር። ሲወጡ የሟቹ ፊት ያለበት ስኒ ይገዛሉ። በእርግጥ እዚህ ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው ብዬ ጠባቂዋን ጠየቅኳት። «የእሱ አይደለም፣ የእሱ ዘመን ዕቃ ነው» አለችኝ፣ ሳታፍር።

ልጁ ፊቱ በራ። «እንደዚያ አድርገህ አሳየኝ ጋሼ፤ ሐሙስ ኮሚቴ ይዤ እመጣለሁ።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የካቲት 11

ቤቱን ፈተሽን። አንድ አጎዛ። ጄሪካን። ድስት። የእማሆይ መቁጠሪያ። አለቀ።

የመሪጌታ ልብስ በተዝካራቸው ለድሃ ተሰጥቷል። መቋሚያቸውን እንፍራንዝ ያለ ተማሪያቸው ወስዶታል። ቅኔያቸውስ፣ አንድ እንኳ አልጻፉም?

«ምን ብለው ይጽፉታል? ለዕለቱ ተባለ፣ ለዕለቱ አለቀ። የትናንቱን ዛሬ ቢደግሙት ተማሪው አይስቅባቸውም?»

እኔ ሙስሊም ነኝ። ከሱቃችን ደጃፍ ሆኜ ዕድሜዬን ሙሉ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፤ አንድ የተናገሩትን ሁለተኛ እንደማይሉት ግን አላውቅም ነበር። ታዲያ ምን ይታያል?

ደጃፉ ላይ ድንጋይ አለ። መሪጌታ ሲያስተምሩ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነበር፣ መሃሉ ልሟል። ለልጁ ደውዬ ነገርኩት።

«ድንጋይማ ጎንደር ሞልቷል ጋሼ።»

እንፍራንዝ ደወልኩ። ተማሪያቸው አሁን እሱም መምህር ሆኗል። መቋሚያውም አለ፣ ቅኔያቸውም ልቤ ውስጥ አለ፣ መንገዱ ግን ሰው አያሳልፍም አለኝ። ቢያንስ አንዱን በስልክ ልበልልህ ብሎ ጀመረ። መሃል ላይ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ኔትወርክ የለም።

የካቲት 12

ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጠው ጓደኛዬ ወንበር፣ መነጽርና የቀለም ቀንድ ተዋስኩ። ሁሉም አቧራ ለብሷል።

«ለማን ነው?»

«ለቅኔ መምህር።»

«መነጽሩ የሴት ነው።»

«ማን ያያል?»

እማሆይ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት።

«ይኼ የማን ነው?»

«የመሪጌታ ነው እንበል።»

«መሪጌታ እዚህ ላይ ሲቀመጡ ማን አየ?»

«የእሳቸው አይደለም እማሆይ፣ የዘመናቸው ዕቃ ነው።»

እጃቸውን ከወንበሩ አነሱ። «ሰይዴ፣ አንተ ተናገር። እኔን ግን እንዳታስዋሸኝ፤ የንስሐ አባቴ ቁጡ ናቸው።»

የካቲት 13

ኮሚቴው መጣ። ተናገርኩ። የጥንቱ አንደበቴ አልጠፋም፣ እኔኑ ገረመኝ። ወንበሩን ወደዱት። አንዱ መነጽሩን አንስቶ፣ ዓይናቸው በንባብ አልቆ ነበር ማለት ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እማሆይ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ሲወጡ ድንጋዩ አንዱን አደናቀፈው። «ይኼ ይነሳ» አለ።

ቤቱ አይፈርስም። በቃል ነው፣ ግን በሁሉም ፊት ነው። ለእማሆይ ስነግራቸው እጄን ያዙኝና አልለቅ አሉ።

የካቲት 15

ልጁ ሱቄ መጣ። ተቀመጥ አልኩት፣ እምቢ አለ።

«ቅርስ ውስጥ ሰው አይኖርም ጋሼ። እሳት ይነዳል፣ ጭስ አለ። ጠዳ ቤት ተዘጋጅቶላቸዋል።»

«ቤቱ ቢፈርስ የት ይሄዱ ነበር?»

«ጠዳ።»

«አሁን ሳይፈርስስ?»

 የቤቱ አስጎብኚ እንድሆን መወሰኑን ነግሮኝ ሄደ። ሥራ። ስንት ጊዜ የለመንኩት።

እንግሊዝ አገር ያየሁት አልጋ ንጹሕ ሆኖ ተነጥፎ ነበር። ማን ይተኛበታል ብዬ አልጠየቅኩም።

የካቲት 17

መኪና መጣ። አጎዛውን ጠቅልዬ ከድስቱና ከጄሪካኑ ጋር ጫንኩ። ሾፌሩ «ሌላው ዕቃስ?» አለኝ። የለም አልኩት። ድንጋዩን ልጭነው አስቤ ነበር፤ ቀድመው ለመንገዱ ሙሌት ወስደውታል።

«እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው?» አሉኝ እማሆይ።

«አለ ይላሉ።»

«እስከዚያ ድረስ አጥር አለው?»

አላውቅም አልኩ። ደግፌ አወጣኋቸው። ከተቀመጡ በኋላ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ወንበሩን ጠብቅ እንግዲህ። መሪጌታ መጥተው እንዳይቀመጡበት።»

ሾፌሩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

የካቲት 18

ልጁ ደወለ። ወንበሩ ፊት ገመድ ይወጠር፣ እንደነገርከኝ እንደ እንግሊዞቹ፣ ዛሬውኑ ግዛ አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ሻጩ ከደጋ የመጣ ሰው ነው።

«ሸጋ ገመድ ነው አያ፣ ወይፈን አይበጥሰውም። ምን ልታስርበት ነው?»

«ወንበር።»

«ምነው፣ ይሸሻል እንዴ?»

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ገመዱን በክንዱ እየለካ ስንት ልቁረጥ አለኝ። ቤቱን በልቤ ለካሁት። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ እማሆይ ይተኙበት የነበረውን ጥግ ጨምሮ።

«ስንት ልበል አያ?»

ገመዱን እጁ ላይ እንደተወጠረ ትቼለት ወደ ጨርቅ ሱቄ ወጣሁ።