ከርነልሽ ኪቦርድ አላውቅም አለ

ይድረስ ለእትዬ፣ ሰው ተቀምጦበት የሳሎን መብራት ለምታጠፊው፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የሥራ ካምፑን አልጋ አስጠገኑልሽ ወይስ አሁንም መሃሉ ጎድጉዶ እንደ ሳፋ ይውጥሻል? ሳልሽስ ለቀቀሽ? ምሳ በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ ለማታ ይሁነኝ እያልሽ ታስቀምጪዋለሽ? እማዬ ይህን ሁሉ በተራ ጠይቃት ብላኝ ነው፤ የመጨረሻዋን የጨመርኳት ግን እኔ ነኝ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አጎታችን ደህና ነው፣ ታናሿ እህታችን አፏም ጭምር ደህና ናት። እኔን ደህና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንኳን የለም፤ ሁሉም ሲያየኝ ‹ዛሬ ደግሞ ምን አደረግህ?› ነው የሚለኝ። ታሞ የሰነበተው ኮምፒውተሩ ነበር። ስልክ ደውዬ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ እናንተ ካምፕ ግን ያለው ኔትወርክ ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ‹ሃሎ› ስትይ ሰማሁሽና ከዚያ በኋላ የሰማሁት ፉጨት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጭ በይና አንብቢ።

ነገሩን የጀመረው የእማዬ ጽዳት ነው። ትምህርት ቤቱ በየተማሪው ሸሚዝ ኪስ ላይ አርማውን እንድትጠልፍለት ሰጣት፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከመጣላት ቆይቷል። የጥልፍ ማሽኑን የሚያዘው ያው አንቺ አስተካክለሽ የሄድሽው አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ማሽኑ ራሱ ጡረታ የሚገባው ስለሆነ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይግባባም። እማዬ ኪቦርዱን ስታየው በክር ብናኝና በማሽን ዘይት ጠቁሯል። ‹በዚህ እጄን አቆሽሼ ነጭ ሸሚዝ አልነካም› አለችና ነቀለችው፤ ከዚያ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ በሳሙና አጠበችው! በብሩሽ ፈትጋ፣ ሁለቴ አለቅልቃ፣ በገመዱ አንጠልጥላ፣ ከአጎታችን ካልሲና ከታናሿ ቀሚስ መሃል በመቆንጠጫ አሰጣችው። እኔ ከውጭ ስገባ ጠብ ጠብ ይላል። ‹እማዬ፣ ኮምፒውተሩንስ ምነው ተውሽው?› ብላት ‹እሱ ለነገ ነው› አለችኝ። እስካሁን ቀልዷን ይሁን የምሯን አላወቅሁም።

ደርቆ ሲሰካ ጉድ ፈላ። አንዱን ፊደል ነካ ስታደርጊው መስመሩን ሙሉ ራሱ ይጽፈዋል፤ ሌላውን ብትደበድቢውም ጆሮ ዳባ ልበስ። መሰኪያው ክብ የሆነ ሌላ ኪቦርድ ፍለጋ ገበያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አካለልኩት። አንዱ ሻጭ መነጽሩን አውልቆ ‹ልጄ፣ ይሄን ዕቃ መጨረሻ የጠየቀኝ ሰውዬ አሁን የልጅ ልጅ አይቷል› አለኝ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ባለ ፎቶ ቤቱ የራሱን አዋሰኝ፤ የእሱ መሰኪያ ጠፍጣፋው ነው፣ ዩኤስቢ የሚሉት።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሰክቼ ኮምፒውተሩን ሳበራው መጀመሪያ ያ ዝርዝር መጣ፤ በየትኛው ከርነል ልነሳ ብሎ የሚጠይቀው። (ከርነል ማለት ከሁሉም ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ነው ብለሽ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም፤ በቤታችን እማዬ ማለት ናት።) ቀስቱን ወደ ታች ስጫነው ወረደ፣ ወደ ላይ ስጫነው ወጣ። ‹ሠራ!› ብዬ ሰፈሩን አናጋሁት። ታዲያ የላይኛውን፣ አንቺ ለዚህ ማሽን ብለሽ በእጅሽ የሠራሽውን ከርነል መርጬ ገና መነሳት ሲጀምር የኪቦርዱ መብራት ድርግም አለ። ስክሪኑ ስምህን ጻፍ ይለኛል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ አያይም። አጥፍቼ አበራሁት፤ ዝርዝሩ ላይ ኪቦርዱ ሕያው ነው፣ ከርነልሽ ሲነሳ ሬሳ ነው። አሥሬ ባጠፋው አሥሬ ባበራው ያው ነው።

ቤተሰቡ ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ታናሿ ‹ወፈፌ ነው! እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ነው!› ብላ ተነሳች። ‹በምን አወቅሽ?› ብላት ‹ሁልጊዜ አንተ ነህ› አለች። አጎታችንም አላዘነልኝም። የእማዬን ሜትር መነሻው ላይ ቁራጭ ቀጥዬለት ወገቡ የቀነሰ መስሎት ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን ነፍቶ ሲንጎራደድ በመሰንበቱ ሰፈሩ ገና ስቆ አልጨረሰም። እማዬ ግን አልተቆጣችም፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ‹የኔ ልጅ፣ ቀልድ ከሆነ አሁን ይብቃህ፣ ሥራዬ ነው› አለችኝ። በእናትሽ፣ ቢመቱሽ አይሻልም?

የባሰው ደግሞ ኋላ መጣ። አጎታችን፣ ያው ያገኘውን ሁሉ አንስቶ ክብደቱን ካልገመተ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ኮምፒውተሩንም የጥልፍ ማሽኑንም ቅዳሜ ለቆራሌው እንስጠው አለ። ‹ይሄ ብረት ቦታ ይዞ ከሚቀመጥ› ይላል። እማዬም በዝምታ ሄዳ በትልቁ መንገድ ላይ ካለው ስፌት ቤት ተቀጥራ ከሰኞ ጀምሮ ቁልፍ ልትተክል ተስማምታ መጣች። እማዬ! የራሷን በር በራሷ ቁልፍ ከፍታ የኖረች ሴት፣ ለሰው ሸሚዝ ቁልፍ ልትተክል! ማታ መቀሷን ጠርጋ በጨርቅ ስትጠቀልል አየኋት። ‹እስከ ቅዳሜ ስጡኝ› አልኩ። አጎታችን ሳቀ። እማዬ ግን ‹ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ይሞክር› አለች።

እንግዲህ ጭንቅላቴን ማሠራት ጀመርኩ፤ ዝገቱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ መስመር አለ፤ አንቺ የራስሽን ከመሥራትሽ በፊት የነበረው፣ ለሁሉም ኮምፒውተር ተብሎ የተሠራው ከርነል። ‹እስቲ በዚህኛው› ብዬ ገባሁ። እትዬ፣ የኪቦርዱ መብራት እንደበራ ቀረ! ስሜን ጻፍኩ፤ ገባ። ችግሩ በዚህኛው የጥልፍ ማሽኑ አይነቃነቅም፤ ማሽኑን የሚያውቀው የአንቺው ብቻ ነው። አንዱ ኪቦርድ ያውቃል ማሽን አያውቅም፣ ሌላው ማሽን ያውቃል ኪቦርድ አያውቅም። ያኔ ነው የገባኝ። ኪቦርዱም ደህና ነው፣ ሽቦውም ደህና ነው፣ እኔም ንጹሕ ነኝ። ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ!

አትቆጪ፣ ላስረዳሽ። የጥርስ ሳሙና ሲያልቅ በመቀስ ሰንጥቀሽ ውስጡን የምትጠርጊ አንቺ፣ ከርነል ስትሠሪ ምን እንዳደረግሽ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ‹ይሄ ኮምፒውተር ድምፅ ምን ያደርግለታል? አውጣው። ኔትወርክስ? አውጣው። ዩኤስቢስ? ኪቦርዱ ክብ ነው፣ አውጣው።› እንደ ዶሮ ብልት ገነጣጥለሽ አጥንቱን አስቀረሽው! እናታችን ኪቦርድ እንደምታጥብ ግን አላሰብሽም። ዝርዝሩ ላይ ኪቦርዱ የሚሠራው ገና ከርነልሽ ስላልነቃ ነው፤ ከነቃ በኋላ ‹ዩኤስቢ? ማን ነው እሱ? አላውቀውም› ይላል። ባለቤቱን መሰለ።

በሁለተኛው መስመር ገብቼ ማህደርሽን ከፈትኩ፤ ሁሉም አንቺ እንደተውሽው አለ። ይግባ ይቅር እያሉ ምልክት የሚያደርጉበት ያ ረጅም ሰንጠረዥም አለ፤ ጎንሽ ተቀምጬ እያዛጋሁ ያየሁት። ዩኤስቢን ፈልጌ ምልክት አደረግሁበት፣ የዩኤስቢ ኪቦርድንም ጨመርኩ፣ ከርነሉን እንደ አዲስ መሥራቱን፣ ኮምፓይል የምትዪውን፣ አስጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ጠዋት የጀመረውን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የጨረሰው፤ ሲንከራፈፍ የምታዪው አጎታችን ደረጃ ሲወጣ ነው የሚመስልሽ። በአዲሱ ስነሳ መብራቱ አሁንም ድርግም! ሰንጠረዡን እንደገና ሳየው ለካስ ያደረግሁት ምልክት ‹ከከርነሉ ጋር ይሰፋ› የሚለውን ሳይሆን ‹ለብቻው ይቀመጥ፣ ሲፈለግ ይጫናል› የሚለውን ነው፤ ለብቻው የተቀመጠውንም በቦታው አላስገባሁትም። ይህ ማለት ኪሱን ሰፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ረስተሽ ሱሪውን ለደንበኛው መስጠት ነው። ለእማዬ እንዲህ ብዬ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ የኮምፒውተር ወሬ ገባትና ‹ታዲያ ኪሱን ትከለዋ!› አለችኝ።

ኪሱን ተከልኩት። ግን የአንቺ ደም በእኔም ውስጥ አለ መሰለኝ፣ እግረ መንገዴን ልቆጥብ አልኩ። ስሙ ያልገባኝን አንድ ነገር ‹ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው› ብዬ አወጣሁት። ለካ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል የሚያነበው እሱ ነው! ያን ቀን ስነሳ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ተሞላና መጨረሻ ላይ ቤቴን አላገኘሁትም ዓይነት ነገር ጽፎ ደርቆ ቀረ። አጎታችን ከኋላዬ መጥቶ ‹ምን እያለ ነው?› አለኝ። ‹በስምህ እየጠራ እየረገመህ ነው፤ ለቆራሌው የሚሸጠኝ ማን ነው እያለ› አልኩት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እየሳቅሁ ነበር፤ ቀኑ ግን ዓርብ ነው። ደግነቱ ሁለተኛው መስመር ስላለ ሁልጊዜ መመለሻ አለኝ። አንድ ጊዜ ቦታ ጠቦኝ እሱን ላጠፋው ነበር፣ እጄን የያዘው ምን እንደሆነ እንጃ። የአንቺንም አላጠፋሁትም፤ እማዬ ‹የልጄን ሥራ እንዳትነካ› ብላኛለች፤ ኪቦርድ ባያውቅም።

ቅዳሜ ቆራሌው ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ ያወጣሁትን መልሼ ያስጀመርኩት ሦስተኛው ከርነል ገና እያለቀ ነበር። አጎታችን የጥልፍ ማሽኑን ገመድ ጠቅልሎ እንደ ከብት ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ‹ገመዱን መልሰው፣ አንድ ጊዜ ልሞክረው› አልኩት። ‹ስንት አንድ ጊዜ ሞከርከው!› አለ። ቆራሌው ግን ቸኩሎ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ‹ተወው ይጨርስ፣ እኔም እግሬ ይረፍ› ብሎ የደንበኛ ወንበር ላይ ተንሰራፋ። አስነሳሁት። ጽሑፉ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ስምህን ጻፍ አለ። መብራቱን አየሁት፤ በርቷል። አንድ ፊደል ነካሁ፤ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለች! የማሽኑን ገመድ ከአጎታችን ትከሻ ላይ ነጥቄ ሰካሁት፤ ያ የምታውቂው ‹እህህህ› የሚል ማቃሰቱን አቃስቶ መርፌውን ወደ ቦታው መለሰ። እማዬ ከጓዳ በሩጫ ወጣች። አንድ ኪስ ዘርግታ አስጀመረችው፤ አርማው በሰማያዊ ክር ቀስ እያለ ወጣ። ቆራሌው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ‹ይሄማ የሚሠራ ዕቃ ነው፣ እኔ የሚሠራ አልገዛም› ብሎ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። አጎታችን ‹እኔም ልፈትነው ብዬ ነው እንጂ…› ሲል ታናሿ ‹አፈርክ!› ብላ ገላገለችን።

እማዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ‹ሩጥና ለስፌት ቤቷ ባለቤት ሰኞ እንደማልመጣ ንገራት› አለችኝ። በረርኩ። ሴትየዋ ገና ከበር ስታየኝ ‹መጣ ደግሞ! ዕቃችሁን ያዙ!› አለች፤ ሰፊዎቹ በሙሉ ሳቁ። ‹እማዬ ሰኞ አትመጣም፣ ማሽናችን ተነስቷል› አልኳት። ‹ማን አስነሳው?› አለች። ‹እኔ› ስላት ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። ‹ወግድ፣ ሰው አታስቸግር። እናትህን ወንበሯ እየጠበቃት ነው በላት› አለችኝ። ምዬ ተገዝቼ የሚያምነኝ ጠፋ፤ ጆሮዬን ጥዬ ተመለስኩና እንዳለ ለእማዬ ነገርኳት።

እማዬ ተነሳች። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ጣቷ ላይ ያጠለቀችውን የመርፌ መከላከያ እንኳን ሳታወልቅ፣ መንገዱን አቋርጣ ሄደች፤ እኔ ከኋላ ከኋላ። ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ሰፊዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ‹ልጄ የነገረሽ እውነት ነው› አለቻት። ‹ማሽኑን ያስነሳው እሱ ነው። ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጪው።› እትዬ፣ አንዲት ቀልድ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እስከ ቤት ድረስ ዝም ብዬ ሄድኩ፤ እማዬ መሃል መንገድ ላይ ቆማ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰችና ‹አሞሃል እንዴ?› አለችኝ።

እማዬ ጉንጯን ሳምልኝ ብላኛለች፤ እንዴት አድርጌ እንደምስምሽ ግን አልነገረችኝም። ታናሿ ናፍቀሽኛል ብላለች፣ ቀጥላም ከረሜላ ብላለች። አጎታችን ሰላም ብሎሻል፤ ይህን ደብዳቤ በእጁ መዝኖት ‹ከበድ ይላል፣ ምን ጻፍክ?› ሲለኝ ‹ስላንተ ደግ ደጉን ነው› ብዬዋለሁ። ባለ ፎቶ ቤቱ ሰላም እያለ ኪቦርዱን መቼ እንደምንመልስለት ይጠይቃል፤ መልሱን አንቺ ጻፊለት፣ እኔን አያምነኝም። አብራሽ ክፍል ለምትተኛው ልጅ ሰላም በይልኝ፤ መብራት ማጥፋትሽን በትዕግሥት ትቻለው። ለአንቺም ጤና ይስጥልን፣ ምሳሽንም ብዪ።

የምታምኚው ወንድምሽ፣
ወፈፌ

ከስፌት ክፍሉ፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሳምንት