ስለ ዝሆን ለተላኩት ሽማግሌዎች

መጋቢት 1988 ዓ.ም.፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ሚኒያፖሊስ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን ሽማግሌዎች፣ ለጋሽ ሆርዶፋና ለጋሽ ክፍሌ፤

ጉልበታችሁን ከዚህ አገር በረዶ፣ ጆሯችሁን ከዚህ አገር ልጆች ይጠብቅልኝ እያልኩ፣ አስቀድሜ አንድ ኃጢአት በታላቅ ጸጸት እናዘዛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩባቸውን ስፒሎች የነቀልኩት «ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ መለጠፍ ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያችሁ ላይ ነው። ማስታወቂያው ወድቋል፤ ጤንነቱ ግን ደህና ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎች ላስረዳ። ትምህርት ሲዘጋ ትምህርት ቤታችን ጥቂት ተማሪዎችን በበጎ ፈቃድ ወደ ዚምባብዌ ይልካል። ሥራው ዝሆን የገበሬውን በቆሎ እንዳይጨርስ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በማሳው ዳር በርበሬ ማጨስ ነው፤ ዝሆን የበርበሬ ጭስ አይችልም። እኔ ተመረጥኩ። አባቴ መገርሳ ግን «ፈቃዱ ላይ ሳይን አላደርግም» አለ፤ ለምን ስለው ቴሌቪዥን ከፈተ። «እምቢ ያለ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ይላካል» ብላችሁ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁና፣ እናንተኑ ላክሁ።

አንደኛ፦ እሑድ ዕለት ጋሽ ክፍሌ ከሙሉ ሱፋቸው በታች የበረዶ ቦት ጫማ አድርገው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብላችሁ መቆማችሁ ሥርዓት አዋቂነታችሁን ያስመሰክራል። ነገር ግን «ልጅህን ፈልገን መጣን» ብላችሁ በመጀመራችሁ እናቴ ነጠላ ልታመጣ ሮጠች፣ አባቴም «ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አለ። «ባል አይደለም፣ ዝሆን ነው» በማለት ላረጋጉት ለጋሽ ሆርዶፋ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፦ የእኔ አማላጆች ሆናችሁ ገብታችሁ የአባቴ ጠበቆች ሆናችሁ ስለወጣችሁበት ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ጋሽ ክፍሌ «እኛ በእግራችን ሸሽተን የወጣንበት አፍሪካ፣ እሷ ድንኳን ውስጥ ለመተኛት በአውሮፕላን ትመለስበት?» ሲሉ እኔም ስቄያለሁ። ያስቃል እኮ።

ሦስተኛ፦ ይህን ቁጥር ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ጋሽ ሆርዶፋ ነገሩን ሊደመድሙ ብለው «መገርሳ በሱዳን መንገድ አንዱን ልጁን ለጅብ ሰጥቷል፤ ሌላዋን ለዝሆን ስጥ አንለውም» አሉ። ከዚያ ሁላችሁም ወደ ኩሽናው በር ዞራችሁ፤ እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። ካፖርታችሁን ለበሳችሁ። ከወጣችሁ በኋላ እናቴ የነገረችኝ ስሙን ብቻ ነው፤ ፊሮምሳ፣ ታላቄ። አባቴ ሲደነግጥ ሁልጊዜ «ፊ…» ብሎ ጀምሮ ነው የእኔን ስም የሚጠራው። እርጅና ይመስለኝ ነበር፤ ለጓደኞቼም እያስመሰልኩ አስቄበታለሁ።

ስለዚህ ተመልሳችሁ ሽምግልናውን እንድትጨርሱ በትሕትና እለምናለሁ። ዝሆኑ ይቆየን፤ ለበርበሬው ሌላ ልጅ አይጠፋም። አባቴ ስለ ወንድሜ እንዲነግረኝ አማልዱኝ። ምን ያስቀው እንደነበር እንኳ ልወቅ። እኔ ስጠይቀው ቴሌቪዥን ይከፍታል።

እግራችሁ ከበረዶ፣ ምላሳችሁ ከማዳለጥ ይጠበቅ ዘንድ የምትመኝ፣ ሽማግሌ ልካ ሐዘን የተላከላት ታዛዥ ልጃችሁ፣

ኢብሲቱ መገርሳ

ማስታወሻ፦ ዝሆኖች የሞተባቸውን አጥንት ሲያገኙ ዙሪያውን ቆመው ቀስ ብለው እንደሚዳስሱት ተምረናል፤ ያውም ሽማግሌ ሳይላክባቸው። ይህችን መስመር ሰሌዳው ላይ አስደግፌ ስጽፍ የአዳራሹ በር ተከፈተ። አባቴ ሊወስደኝ መጥቷል። ማስታወቂያችሁ ወለሉ ላይ ነው፣ የተረፈው ስፒል እጄ ላይ፤ እሱም ቆሞ እያነበበ ነው።

«ፊ… ኢብሲቱ።»